በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ያየሁት እጅ

ወረታ ካሉት ጠጅ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ፣ ግድግዳው እንደ እንቁላል ልስልስ ብሎ፣ መደቡ ጥጉ ላይ ክብ ሆኖ፣ ለብርሌ ማስቀመጫ ግድግዳው ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካያችሁ የእኔ ሥራ ነው። የነጋዴ ሱቅ አሰናድቻለሁ። የሙሽራ ጫጉላ፣ የቄስ ቤት፣ የባላባት አዳራሽ ለስኛለሁ። ሰው ባዶ ቤት አቁሞ ይጠራኛል፤ እኔ ገብቼ መደቡ የት ይሁን፣ ብርሃኑ በየት ይግባ፣ ጎታው የት ይቁም ብዬ ቤት አደርግለታለሁ። «የሻረግ የነካችው ግድግዳ ሰው ይመስላል» ይሉኛል። ይህን ምስጋና በሰማሁ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ለምን እንደምቀይር እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም።

ፊደል የቆጠርሁት ወንድሞቼ ሲማሩ ከደጅ ተቀምጬ ነው። ዳዊት ሳልደርስ ተዳርሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምትፈርዱበት ሌላ ነገር አለላችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ ከእሱ የቀሩኝ አንዲት ልጅና ጥቂት ማሳ ናቸው። ልጀ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ተድራ፣ ከባሏ ሳትስማማ ቀርታ፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ላይ ወደ እኔ ተመልሳለች። ፈሪ ሴት ነበርሁ። አሁንም ነኝ። ባሌ በተቀበረ በአርባው የአገሩ ባላባት ግራዝማች ቤቴ መጣና የባሌን ጠበንጃ ከግድግዳ አወረደ። «በሕይወቱ ሳለ ሰጥቶኛል» አለ። አልሰጠውም። ምስክር ግን የለኝም። ቢኖረኝም አልናገርም ነበር። «ይውሰዱት ጌታየ» አልሁ። ማንጠግቦሽ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር።

ልስን ያስተማረችኝ ጠጄ ናት። ጠጄ ሸክላ ሠሪ ናት። የሸክላ ሠሪ ነገር ታውቁታላችሁ፤ እንስራዋን ገዝተው ውሃ ይቀዱበታል፣ ዓይኗን ግን ይሸሹታል። ቡዳ ናት ይሏታል። ልጅ ሲታመም ስሟ ይነሳል። እኔ ግን ባሌ ሞቶ ጎታየ ሲጎድል የሄድሁት ወደ እሷ ነው። «ነይ» አለችኝ፤ «ጭቃ ዘር አይጠይቅም።»

የፎገራ ሜዳ ምድሩ ሁሉ ዋልካ ነው። ጥቁር ነው፤ ለጤፍና ለሽምብራ የታደለ፣ ለግድግዳ ግን ጠላት ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠጄ ቀይ አፈር ከተራራው ግርጌ በአህያ ታስመጣለች። ትነፋዋለች፣ ከጭድና ከእበት ጋር ታቦካዋለች፣ ሰባት ቀን ታሳድረዋለች። በዋልካ የሚለስን ሰው ስታይ ትስቅ ነበር። እኔንም እንዲሁ አድርጋ አስተማረችኝ። ማንጠግቦሽም ከእሷ ሥር አትጠፋም ነበር። ጠጄ መዳፏን ወደ ላይ ስባ ስባ መጨረሻው ላይ በአውራ ጣቷ ጠምዘዝ ታደርገዋለች፤ እንደ አበባ ቅጠል ይሆናል። ልጀ ይህን ከእሷ ወረሰች። እኔ በመዳፌ ነው የምዘጋው። «እንደኔ አድርጊ» ብዬ ስቆጣት፣ «የጠጄ ያምራል» ትለኛለች።

በጥቅምት ግራዝማች አስጠራኝ። ልጁን ጥር ላይ ሊድር ነው፤ እልፍኙን እንዳሰናዳ። እልፍኙ ቁልፉ ግራዝማች አንገት ላይ የሚውል፣ ከጓዳው በአንድ ግድግዳ የተለየ ክፍል ነው። ልጀን ይዤ ሄድሁ። ግድግዳው እንዲለሰን የተሰቀለው ሁሉ መውረድ ነበረበት። ኮርቻ አወረድን፣ ጋሻ አወረድን። መጨረሻ ጠበንጃውን።

ማንጠግቦሽ ሰደፉን በነጠላዋ ጠረገችው።

«እማየ፣ የአባየ ነው።»

«አስቀምጪው።»

«በጩቤ ሰደፉ ላይ የጫረውን ምልክት እይው፤ እኔ አጠገቡ ነበርሁ።»

«አስቀምጪው አልሁሽ። አንቺ ሴት ነሽ፤ ጠበንጃ ምን ያደርግልሻል?»

«አንቺን ዝም ማለት ምን አደረገልሽ?»

ግራዝማች ከበሩ ላይ ሆኖ ኖሯል። «ምነው፣ ልስኑ ቀረና ዘብ ልትቆሙልኝ ነው?» አለ። ከኋላው ያሉት አሽከሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጀ ስስቅ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራው እስኪያልቅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለሰነች። ጠበንጃውን መልሰን ከጓዳው ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ የሰቀልነው እኔና እሷ ነን።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የግራዝማች ቤተሰብ ከአሽከር እስከ እመቤት ቤተ ክርስቲያን ዋለ። ማንጠግቦሽ ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከወንዙ የታጨደ ፊላ በራፋችን ላይ በትልቁ ታስሮ ቆሟል። «ታመምሁ አላልሽም?» አልኋት። «ሲሻለኝ ለጣራ የሚሆን አመጣሁ» አለች። እጆቿ ጥቁር ጭቃ ነበሩ። ከወንዝ የመጣ ሰው እጁ ቢጨቀይ ምን ይገርማል? አልገረመኝም።

በስምንተኛው ቀን ግራዝማች እልፍኙን ከፈተ። ጠበንጃው የለም። ቁልፉ አልተነካ፣ በሩ አልተነካ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ሰይጣን ነው አለ፤ ጠበል ተረጨ። ኋላ አንዷ የቤት ሴት ጋን ስታነሳ በጓዳው በኩል ግድግዳው ላይ እንደ እንጀራ ምጣድ የከበበ ጥቁር ጥጋን አየች። ደርቆ ተሰንጥቋል። አንድ ሰው ጓዳው ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ሰርስሮ፣ እጁን አስገብቶ፣ ጠበንጃውን በቀዳዳው ስቦ አውጥቶ፣ መልሶ መርጎታል፤ በእልፍኙ በኩል ጋሻው ሸፍኖታል።

አውጫጭኝ ተጠራ።

አውጫጭኝ ያላየ ልጅ ካለ ልንገረው። የአገሩ ሰው ሁሉ በዳኛ ትእዛዝ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚገባ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ «ወፍ» ይባላሉ። ሰው በተራ እየሄደ የጠረጠረውን በጆሯቸው ይነግራል። እነሱም ስም ሳይጠሩ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ብዙ ሰው የተናገረበት ይያዛል። ወትሮ ወንዶች ናቸው የሚሰበሰቡት። ይህ ግን የጭቃ ነገር ነውና ሴቶችም ይውጡ ተባለ።

ጤፉ ደርሷል። ሳይታጨድ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ይረግፋል። መጀመሪያው ቀን ሰው ይቀልድ ነበር።

«ጠበንጃውን ግድግዳው ውጦት ይሆናል» ይላል አንዱ።

«ግድግዳ የሚውጥ ቢሆን አማቴ እስከ ዛሬ አትቆይም ነበር» ይላል ሌላው።

በሁለተኛው ቀን ቀልድ ቀረ። ሁሉም ወደ ማሳው እያየ ይቁነጠነጣል። «የማንም ስም ይሁን፣ ብቻ ስም ይምጣ» ሲል የሰማሁት ሰው በሠርጌ ሚዜ የነበረ ነው። ጠጄ ከሁሉም ርቃ ለብቻዋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሚቀመጥ የለም።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳኛው አስጠራኝ። «የሻረግ፣ እልፍኙን የለሰንሽው አንቺ ነሽ። ነይ፣ ይህ የማን እጅ እንደሆነ ንገሪን።» ሦስቱ ወፎችና ግራዝማች ተከተሉን። ጓዳ ገባን። ጋኖቹ ተነስተዋል።

ገና በሩ ላይ ሆኜ አወቅሁት።

ከታች ወደ ላይ የተሳበ፣ ጫፉ ላይ በአውራ ጣት የተጠመዘዘ። የጠጄ ይመስላል። ግን የልጀ አውራ ጣት ጥፍሩ በማጭድ ተሰንጥቆ አንድ ሆኖ አልገጠመም፤ ጭቃ ላይ ስታዞረው ሁለት ቀጭን መስመር ይተዋል። መስመሮቹ እዚያ ነበሩ። እንደሚመረምር ሰው ጎንበስ አልሁ።

«ምን ታያለሽ?» አለ ዳኛው።

«ስንጥቁን ልይ» አልሁና በጥፍሬ ቆነጠርሁት። የደረቀ ዋልካ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ጣቴ ላይ ዱቄት ሆኑ።

«እህ?»

«የእኔ እጅ አይደለም። እኔ በመዳፌ ነው የምዘጋው፤ ግራዝማች እልፍኙን ይዩት። ይህኛው በአውራ ጣት ተጠምዝዟል።»

ይህን ብቻ ነው ያልሁት። የተናገርሁት እውነት ነው። አንደኛው ወፍ፣ «ወረታ ጠጅ ቤት ያለው ልስን አይደለም እንዴ?» አለ። ሌላው፣ «እሱን እኮ ጠጄ ነች የለሰነችው» አለ። ዳኛው እኔን አየኝ። ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

አንድ ቃል ነበረችኝ። «ጠጄ በዋልካ አትለስንም» ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። ልስን ከሚያውቅ ሰው ዋልካ የሚነካ የለም፤ ቸኩሎ፣ ቀይ አፈር ከተራራ የሚያመጣበት ጊዜ አጥቶ፣ ከደጅ የዘገነ ካልሆነ በቀር። ግን ያን ካልሁ «እንግዲያ የጠጄን አዟዟር የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። ቃሏን ዋጥኋት።

ወደ ሜዳው ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። ሰው ጠጄን እያየ ያንሾካሽካል። ልጀ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«የት አደረግሽው?» አልኋት በአፌ ጥግ።

አልካደችም። «አንቺ የምትተኚበት መደብ ውስጥ። በፊላው ጠቅልዬ አምጥቼ፣ ቁርበቱን አንስቼ ሰርስሬ አስገባሁት፤ ለስኜ ቁርበቱን መለስሁበት።»

አሥር ሌሊት በላዩ ተኝቻለሁ ማለት ነው።

«ለምን?»

«የአባየ ነው። ሌላ ለምን አለ?»

«ይገርፉሻል። ደብረ ታቦር ያስሩሻል። ግራዝማች ደግሞ ማሳችንን ይወስዳል።»

«እማየ፣ ጠጄን ሊይዟት ነው።»

«ገና አልያዟትም።»

«ስሟን ሁሉም እየጠራው ነው፤ ደንቆሮ ነሽ? ተራዬ ሲደርስ እናገራለሁ። የአባየ እንደሆነም እናገራለሁ። ምን ያመጣሉ?»

«ዝም በይ ብየሻለሁ።»

«ዝምታውን አንቺ ጨርሰሽዋል፤ ለእኔ የተረፈ የለም።»

ተነስታ ሴቶቹ ተራ ከያዙበት ቆመች። ሮጬ ከፊቷ ገባሁ። ወፎቹ በጋቢ በተጋረደ ሥፍራ ተቀምጠዋል። ከፊቴ ስድስት ሴቶች ነበሩ። ዳኛው ጠዋት የተናገረው ጆሮዬ ላይ አለ፤ «በዓይኑ ያየ ሰው ከተገኘ ጉባኤው በዚያው ይፈርሳል፤ ሰውም ወደ ማሳው ይሄዳል።» ስድስት ሴቶች። የልጀን ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ እሰማለሁ። አምስት ሆኑ። «ማንጠግ፣ በእናትሽ» አልሁ ዞር ሳልል። ሦስት ሆኑ። ሚካኤልን ለመንሁት፤ ምን ብዬ እንደለመንሁት አላውቅም፤ ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው የለመንሁት። አንዲት ቀረች።

ገባሁ። ከወፎቹ መካከል ያለው መሪጌታ ክርስትና ያስነሱኝ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«ጠጄ ናት» አልሁ።

«ሁሉም እንዲያ ይላል ልጀ። ትጠረጥሪያታለሽ?»

«አልጠረጥርም መሪጌታ። አይቻታለሁ። የሚካኤል ዕለት ከግራዝማች ጓዳ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን አልነበርሽም?»

«ለልጀ ውሃ ላቀምሳት ተመልሼ ነበር። ታማ ነበር።»

«ትምያለሽ?»

«እምላለሁ።»

መሪጌታ የሰጡኝን መስቀል ይዤ ማልሁ። መሪጌታ ተነስተው ጋቢውን ገለጡት፤ «ወፍ በዓይኗ አየሁ ብላለች» አሉ። ሜዳው እልል አለ። እውነቴን ነው፤ እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ማጭዳቸውን አንስተው ወደ ማሳቸው ሮጡ። የልጀ ተራ ሳይደርስ ቀረ።

ማንጠግቦሽ ወደ ዳኛው ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዝኋት። «ማልሁ» አልኋት። «መስቀል ይዤ ማልሁ። አሁን ብትናገሪ አንቺ በስርቆት፣ እኔ በሐሰት ምስክር እንጠፋለን። እናትሽን ግደይና ተናገሪ።» ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

ጠጄን ሁለት ሰዎች ይዘዋት በእኛ በኩል አለፉ። አልጮኸችም፣ አልማለችም። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«የሻረግ» አለችኝ፣ «ያን ግድግዳ ሳይረግፍ አፍርሰሽ እንደገና ለስኝላቸው። ዋልካ ነው።»

ሰዎቹ ምን እንዳለች አልገባቸውም። «ምን ትላለች ይህች ቡዳ» ብለው ገፈተሯት። ለእኔና ለልጀ ግን ገባን።

በሬዋንና አህያዋን ለጠበንጃው ምትክ ወሰዱባት። ቤቷን አፈረሱት፤ ጠበንጃውን ሲፈልጉ የሸክላ መተኮሻዋን ሳይቀር ቆፈሩት። አላገኙም። በተያዘች በሦስተኛው ቀን ከአገር እንድትወጣ ተፈረደባት። የቀራትን ሁለት ማሰሮ በጀርባዋ አዝላ ወደ ይፋግ መንገድ ስትሄድ አይቻታለሁ። የሸኛት ሰው የለም።

በዚያው ቀን እኔ መደቤን ሰበርሁ። ጠበንጃውን በነጠላ ጠቅልዬ ርብ ወንዝ ወስጄ ወረወርሁት። የባሌን ጠበንጃ! ማንጠግቦሽ ዳር ቆማ አየችኝ። «እሱንም?» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ቤት ስንመለስ ነጠላዋን ለበሰች፣ አንድ አቁማዳ ሽምብራ ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«ጠጄ የምትሸከምላት ሰው የላትም።»

«ልጀ፣ አንቺን ላድን ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ወጣች።

ጠጄ ስትሄድ ልስን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ወረታ በዚያ ዘመን አደገች፤ ጠጅ ቤቱ በዛ፣ ሱቁ በዛ፣ አሸዋና ኖራ መጣ፣ ኋላም ቀለም መጣ። ሁሉም የሻረግን ጥሩ አለ። የመጀመሪያው ሥራዬ የግራዝማችን ጓዳ እንደገና መለሰን ነበር። ለሠርጉ ደረሰ። በልቼ ጠጥቼ መጣሁ። በአገሩ ስም ያወጣሁበት፣ እስከ አንበሳሜ ድረስ የምጠራበት ሥራ እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው።

አምስት ዓመት ጠብቄ ይፋግ ሄድሁ። ጠጄ ሞታለች አሉኝ። ቤቱን አሳዩኝ። አንኳኳሁ። ልጀ ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ከስታለች፣ አምሮባታል። እጄን ወደ ሕፃኑ ዘረጋሁ። ማንጠግቦሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ማንን ፈልገው ነው እመቤቴ?» አለችኝ።

አንቱ ብላኝ አታውቅም። አባቷንም አንቱ አላለችም። ከውስጥ የወንድ ድምፅ «ማነው?» ሲል፣ «መንገድ የጠፋባቸው ሴት ናቸው» አለች። ውሃ አመጣችልኝ። በሁለት እጇ፣ ለእንግዳ እንደሚሰጥ አድርጋ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። «እግዜር ይስጥሽ» አልሁ። «አሜን፤ በሰላም ይግቡ» አለችና በሩን ዘጋችው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። «እኔ ብሆን አላደርገውም» የምትል እናት ካለች እሷን አላምናትም፤ ወፎቹ ፊት አልቆመችማ። «እኔም አደርገው ነበር» የምትለኝም አታጽናናኝም። ሰው ለልጁ ሲል የሚሠራው ኃጢአት ይቀላል ይሉኛል። ልጅቱ ግን አድኝኝ አላለችኝም። እውነቱን ተናግራ መገረፍን መርጣ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኋት። ፍርሃቴን ፍቅር ብዬ ጠራሁት።

ግራዝማች ሞቷል። መሪጌታም አልፈዋል። ዘመኑም ተለዋውጧል፤ አውጫጭኝ ብትሉ የዛሬ ልጆች ይስቃሉ። የሚይዘኝ የለም። እንዲያም ሆኖ ይህን ስጽፍ በሩን ዘግቼ ነው። የመንገድ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወረቀቱን ከነጠላዬ ሥር እከታለሁ። ጽፌ ስጨርስ ለይፋግ ገበያተኛ እሰጠዋለሁ፤ ማንጠግቦሽ ማንበብ አታውቅም፤ የሚያነብላት ሰው ካገኘች፣ ጠጄ ንጹሕ እንደነበረች እሷም ታውቃለች፤ ግን በእናቷ እጅ ተጽፎ ይድረሳት። ለእኔ ምንም እንድትልልኝ አይደለም። ውሃ ሰጥታኛለች፤ ከዚያ በላይ አልጠይቃትም።